ሁለት ባላ በአንድ ጉድጓድ

(ስለ ኔትወርክ መበጠስና ስለ መጠባበቂያ መንገድ አጭር ታሪክ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ እሠራ ነበር። ቦታውን ስከራይ የሕንፃው ኃላፊ "እኛ ጋ ኢንተርኔት አይጠፋም፤ ሁለት መስመር አለን፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይይዛል" ብሎኛል። ኪራዩ ከአካባቢው ወደድ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነበር። እኔ ደግሞ ደመወዝ የሌለኝ፣ በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ጽሑፌ በሰዓቱ ካልደረሰ ክፍያ የለም። ስለዚህ ሳላቅማማ ከፈልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ጽሑፍ ከነፎቶውና ከነቪዲዮው ልልክ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ኢንተርኔቱ ጠፋ። "አይዞህ፣ አሁን በሁለተኛው ይመለሳል" አሉኝ። አልተመለሰም። ወርጄ ሳይ ከበሩ ፊት ለፊት መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ቆሟል። ከተቆፈረው አፈር ውስጥ ሁለት የተበጠሱ ኬብሎች ጎን ለጎን ብቅ ብለው ይታያሉ። ለካ ሁለቱም መስመሮች ወደ ሕንፃው የሚገቡት በአንድ ቱቦ ኖሯል! በስልኬ ልልክ ብሞክር ፋይሉ ከበደ። ታክሲ ይዤ ሌላ ሰፈር እስክደርስ ሰዓቱ አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ጽሑፍ ተሰጠ።

አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ተረቱ ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር አለ። ሁለቱን ባላ በአንድ ጉድጓድ ከተከልካቸው፣ ጉድጓዱ ሲናድ አብረው ነው የሚነቀሉት።

ንዴቴ ሲበርድልኝ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። የእኛ ሕንፃ ስህተት የሰነፍ ባለሙያ ስህተት ብቻ አይደለም። ኢንተርኔትን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው የወደቁበት፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት፣ ዛሬም ያላለቀ ጉዳይ ነው። ታሪኩን እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

የዓሣ መረቡ

ነገሩ የሚጀምረው ከኑክሌር ፍርሃት ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሚሳይል ደቅነው በሚፋጠጡበት ዘመን፣ የአሜሪካ የረጅም ርቀት ስልክ በጥቂት ትልልቅ ማዕከላት በኩል ያልፍ ነበር። እነዚያ ማዕከላት ቢመቱ አዛዡ ከጦሩ ጋር መነጋገር አይችልም። በ1959 ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም የተቀጠረ ፖል ባራን የሚባል መሐንዲስ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳው። ባራን በዛሬዋ ቤላሩስ፣ ግሮድኖ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ከፊሉ ቢፈርስ የተረፈው እርስ በርሱ መነጋገር የሚችልበት ኔትወርክ እንዴት ይሠራል?

መልሱን በ1964 በተከታታይ ጥራዞች አወጣ። በውስጡ ሦስት ሥዕሎች አሉ። የመጀመሪያው እንደ ጋሪ ጎማ ነው፤ ሁሉም መስመር መሀል ላይ ካለ አንድ ነጥብ ይገናኛል። መሀሉን ከመታኸው ሁሉም አለቀ። ሁለተኛው የብዙ ጎማዎች ጥርቅም ነው፤ ትንሽ ይሻላል። ሦስተኛው የዓሣ መረብ ነው። አለቃ የሚባል ነጥብ የለም፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር ታስሯል። ባራን መረቡን በኮምፒውተር እያፈራረሰ ሞከረው። ቋጠሮዎቹን ለማገናኘት የግድ ከሚያስፈልገው የመስመር ብዛት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ካለ፣ መረቡ ብዙ ተመትቶም የተረፉት ቋጠሮዎች እንደተገናኙ ይቆያሉ።

መልእክቱ ደግሞ ተቆራርጦ በትንንሽ እሽግ ይጓዛል። እያንዳንዱ ቋጠሮ እሽጉን እንደ ትኩስ ድንች በእጁ ሳያቆይ ክፍት ወደሆነው መንገድ ይወረውረዋል። "ትኩስ ድንች" የሚለው አባባል የባራን የራሱ ነው። በጊዜው የአገሪቱን ስልክ የያዘው ኤቲ ኤንድ ቲ ሐሳቡን አልተቀበለውም። በእንግሊዝ ግን ዶናልድ ዴቪስ የተባለ ሳይንቲስት ከባራን ጋር ሳይተዋወቅ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። እሽጉን "ፓኬት" ብሎ የሰየመውም እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ ሐሳቡ ድንቅ ነው። ግን ሥዕል ነው። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ካሰመርክ ሁለት መስመር አለህ። መሬት ላይ ግን መስመሩ በሆነ ቦይ፣ በሆነ ቱቦ፣ በሆነ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት። ችግሩም የሚገባው እዚያ ጋ ነው።

ሰባት መስመር፣ አንድ ኬብል

በኦክቶበር 29 ቀን 1969 ምሽት ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው የአርፓኔት መልእክት ተላከ። ሁለት ፊደል እንዳለፈ ሲስተሙ ወደቀ፤ ቆይቶ ተስተካከለ። በዓመቱ መጨረሻ ኔትወርኩ አራት ቦታዎችን ያገናኝ ነበር። የዚያን ጊዜውን ካርታ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሦስቱ የካሊፎርኒያ ቦታዎች በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል፤ አንዱ መስመር ቢበጠስ በሌላው ዞሮ መሄድ ይቻላል። አራተኛው፣ የዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ግን በአንዲት መስመር ብቻ ተንጠልጥሏል። ያቺ ከተበጠሰች ዩታ የለም። ኔትወርኩ ሲያድግ ንድፍ አውጪዎቹ ሕግ አወጡ፦ እያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ ሁለት መስመር ይኑረው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ተከበረ። በዲሴምበር 12 ቀን 1986 ግን በኒው ጀርሲዋ ኒዋርክና በኒው ዮርኳ ዋይት ፕሌንስ መካከል አንድ የፋይበር ኬብል ተበጠሰ። በዚያች ሰዓት የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ኒው ኢንግላንድ የሚባለው፣ ከአርፓኔት ተቆርጦ ቀረ። ኒው ኢንግላንድ ማለት እንደ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ያሉ ተቋማት ያሉበት፣ የአርፓኔት መሣሪያዎች ራሳቸው የተሠሩበት አካባቢ ነው። አካባቢውን ከቀሪው ኔትወርክ የሚያገናኙት መስመሮች ሰባት ነበሩ። ሁለት አይደለም፣ ሰባት! ሰባቱም በዚያች በአንዷ ኬብል ውስጥ ያልፉ ነበር።

ሰባት ባላ፣ አንድ ጉድጓድ። ይህን ሳነብ ለሕንፃችን ኃላፊ ትንሽ አዘንኩለት።

ነገሩ እንዴት ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የፋይበር ተፈጥሮ ራሱ ይጋብዛል። ከፀጉር ያልወፈረች የመስታወት ክር ቀድሞ ብዙ የመዳብ ኬብል የሚሸከመውን ሁሉ ትሸከማለች። ስለዚህ መስመሮችን አንድ ላይ ማሳለፍ ይረክሳል። ደንበኛው ካርታው ላይ ሰባት መስመር ያያል። ኬብሉን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። መሐንዲሶች ዛሬ እንዲህ ያሉ መስመሮችን "የጋራ አደጋ ያለባቸው" ብለው ይመድቧቸዋል። ስሙ የተገኘው እንዲህ ካለው መከራ ነው።

አርባ ሰከንድ ረጅም ነው

የተለየ መንገድ መኖሩ አንድ ነገር ነው። በጊዜ ወደዚያ መዞር ደግሞ ሌላ ነው።

በተለመደው ኔትወርክ ራውተሮች መንገድ የሚያውቁት ከጎረቤት በመጠያየቅ ነው። ኦኤስፒኤፍ በተባለው በሰፊው በሚሠራበት ደንብ፣ ማንም ካልቀየረው በቀር፣ ሁለት ጎረቤታሞች በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሰላምታው ለ40 ሰከንድ ከጠፋ "ጎረቤቴ ሞቷል" ይባልና ወሬው ለሁሉም ይዳረሳል፤ ሁሉም መንገዱን እንደገና ያሰላል። በእርግጥ የኬብሉ መብራት ድርግም ካለ መሣሪያው ቶሎ ያውቃል። ግን መብራቱ እያለ መስመሩ የሚሞትበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አርባ ሰከንድ ለኢሜይል ምንም ላይሆን ይችላል። ለስልክ ጥሪ ግን ሰውየው "ሄሎ? ሄሎ?" ብሎ፣ ተናዶ፣ ዘግቶ የሚሄድበት ጊዜ ነው።

የስልክ ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ በ1980ዎቹ ሶኔት የተባለውን ሥርዓት ሲያወጡ ኬብሉን ቀለበት አድርገው ዘረጉት። በአንድ በኩል ሲበጠስ መልእክቱ ዞሮ በሌላው በኩል ይመጣል፤ ለመዞር የተፈቀደው ጊዜ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። የዓይን ጥቅሻ እንኳ ከዚያ ይረዝማል። ምስጢሩ ምን ነበር? መስመሩ ሲበጠስ የሚያስብ የለም። ማሰቡ አስቀድሞ አልቋል። በ2005 ደግሞ ኤምፒኤልኤስ ለተባለው ቴክኖሎጂ "ፈጣን መዞሪያ" የሚሉት ደንብ ወጣ፤ ሐሳቡ ያው ነው። ከብልሽቱ ቀድሞ ማዞሪያውን አዘጋጅ፤ ሲበላሽ ለማንም ሳትነግር ዙር፤ ወሬው ኋላ ይደርሳል። እኛ ይህን "ሳይቃጠል በቅጠል" እንለዋለን።

አንጎሉ ማዕከል ላይ ሲቀመጥ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርቲን ካሳዶ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ፣ ከመምህሩ ኒክ ማክዮንና ከበርክሌይው ስኮት ሼንከር ጋር ሆኖ አንድ ነባር ልማድ መጠየቅ ጀመረ። እያንዳንዱ ራውተር ለምን የየራሱ አንጎል ይኖረዋል? ሁሉም በየራሱ እያሰበ፣ ከጎረቤት በሰማው ወሬ እየተመራ፣ ኔትወርኩን በሙሉ የሚያይ አንድም አካል የለም። አንጎሉን ከሣጥኖቹ አውጥተን አንድ ቦታ ብናስቀምጠውስ? ማዕከሉ ሙሉውን ካርታ ይይዛል፤ ስዊቾቹ ደግሞ የተሰጣቸውን የትእዛዝ ሰንጠረዥ እያዩ ፓኬት ያስተላልፋሉ፤ በቃ። በ2008 ማዕከሉና ስዊቾቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ኦፕንፍሎው፣ በጽሑፍ ቀረበ። በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ ወይም በአጭሩ ኤስዲኤን የሚባለው ይኸው ነው።

ባራን ከስልሳ ዓመት በፊት "መሀል አይኑር" ብሎ ነበር። እነዚህ ደግሞ መሀሉን መልሰው አመጡት። ምክንያት ነበራቸው፤ ሙሉ ካርታ የሚያይ ሰው የተሻለ መንገድ ይመርጣል። ነገር ግን መስመር ሲበጠስ ምን ይሆናል?

በመጀመሪያው አሠራር ስዊቹ መስመሩ መሞቱን ሲያይ ለማዕከሉ ያመለክታል። ማዕከሉ አዲስ መንገድ ያሰላል። ከዚያ በአዲሱ መንገድ ላይ ላሉት ስዊቾች በሙሉ ትእዛዝ ይልካል። እስከዚያ ድረስ የመጡት ፓኬቶች ወደ ገደል ነው። በሴኮንድ 10 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ አንድ ሴኮንድ መዘግየት ማለት 1.25 ጊጋባይት መረጃ ጠፋ ማለት ነው።

በእኛ አገር አነጋገር ላስቀምጠው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ድልድይ ተሰብሮ አገኘ እንበል። ሾፌሩ በቀኝ በኩል መዞሪያ እንዳለ ያውቃል። ደንቡ ግን "ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አትዙር" ይላል። ይደውላል፤ ስልኩ ተይዟል፤ እንደሱ ያሉ አምሳ ሾፌሮች እየደወሉ ነው። ፈቃዱ ሲመጣ መሽቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የባሰም አለ። ማዕከሉና ስዊቹ የሚነጋገሩበት መስመር ያው የተበጠሰው መስመር ከሆነ፣ "መንገዱ ተሰብሯል" የሚለው ማመልከቻ የሚላከው በተሰበረው መንገድ ነው ማለት ነው።

ቤልጂየም ውስጥ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በ2011ና ከዚያ በኋላ ለክተው አሳይተዋል። ኔትወርኩ ትልቅ ሲሆን፣ ማዕከሉ ከብልሽቱ በኋላ እያሰላ መንገድ የሚሰጥ ከሆነ 50 ሚሊ ሰከንዱ አይደረስበትም። መጠባበቂያው አስቀድሞ ስዊቹ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ይደረስበታል።

በዚያው በ2011 የወጣው የኦፕንፍሎው 1.1 እትም መፍትሔውን ይዞ መጣ። ማዕከሉ ለስዊቹ አንድ ትእዛዝ ብቻ አይሰጠውም፤ በቅደም ተከተል የተደረደረ ዝርዝር ይሰጠዋል። "በ2 ቁጥር በር ላክ። 2 ከሞተ በ5 ላክ። 5ም ከሞተ በ7።" ስዊቹ በሮቹን ራሱ ይከታተላል። ሲበጠስ ማንንም አይጠይቅም፤ ከዝርዝሩ በሕይወት ያለውን የመጀመሪያውን ይወስዳል። ማዕከሉ ኋላ ሲሰማ ረጋ ብሎ የተሻለውን መንገድ ያሰላል።

እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ሰዎቹ "ማዕከል ይሻላል" እና "ዳር ይሻላል" በሚለው ክርክር ላይ ቆመው አልቀሩም። ሥራውን ከፋፈሉት። ማሰብ ሰፊ እይታ ይፈልጋል፤ የማዕከል ሥራ ነው፤ በሰላም ጊዜ ይሠራል። መወሰን ፍጥነት ይፈልጋል፤ አደጋው ያለበት ቦታ ላይ የቆመው ሰው ሥራ ነው፤ ሥልጣኑም ቀድሞ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ለስዊች ብቻ የሚሠራ ነገር አይመስለኝም። ደም የሚፈሰው ሰው ፊቱ ተኝቶ ፊርማ የሚጠብቅ ጤና ባለሙያ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

መጠባበቂያው ጠባብ ሲሆን ማን ይወርዳል?

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። የሁለት መንገድ ትራፊክ አንዱ መንገድ ላይ ሲገባ ይችለዋል ወይ? በተለመደው አሠራር ኩባንያዎች ይህን የሚፈቱት መስመሮቻቸውን ከአቅማቸው በታች በማሠራት ነው። ጎግል በ2013 ቢ4 ስለተባለው፣ የመረጃ ማዕከሎቹን በዓለም ዙሪያ ስለሚያገናኘው ኔትወርኩ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ የረጅም ርቀት መስመሮች በአማካይ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ እንደሚሠራባቸው ጠቅሷል። የቀረው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ውድ ስንቅ ነው።

ቢ4 በኤስዲኤን የሚመራ ስለሆነ ብዙ መስመሮቹን እስከ 100 በመቶ ገደማ ማሠራት ችሏል። እንዴት? ትራፊኩን በደረጃ ለየው። ለተጠቃሚው የሚያስፈልገው ይቀድማል፤ በብዛት የሚበልጠውና መቆየት የሚችለው የመረጃ ቅጂ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። መስመር ሲበጠስ የሚወርደው ማን እንደሆነ ቀድሞ ታውቋል።

ጎግልም ቢሆን ጉዱን አልደበቀም። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ስለገጠማቸው አንድ ትልቅ ብልሽት ይተርካሉ። በታቀደ ጥገና ወቅት ሰው በእጁ ሲያስገባ ሁለት ስዊቾች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያች ስህተት ተነስቶ ኔትወርኩ ተናጋ። ያን የመሰለ ሥርዓት ያለው ድርጅት፣ ካርታው ውስጥ አንድ ቁጥር ስለተሳሳተ!

ካርታው የማያየው ጉድጓድ

የታሪኩ ክር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የኤስዲኤን ማዕከል ሙሉ ካርታ ያያል እንላለን። ግን የትኛውን ካርታ? የሚያየው በርና በር የሚያገናኘውን መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቦይ እንደሚያልፉ ቦዩን የሚያውቅ ሰው ካላስገባለት አያውቅም። 40 ሰከንድን ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ ያወረደ ጥበብ፣ ከሞተ መስመር ወደ ሌላ የሞተ መስመር በ50 ሚሊ ሰከንድ ቢያዞርህ ምን ይጠቅማል?

ይህ የ1986 ወሬ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ የሚያልፉ ኬብሎች ተበጠሱ። አፍሪካን ከአውሮፓ በሰሜን በኩል የሚያገናኘው መንገድ ጠበበ። የምሥራቅ አፍሪካ ትራፊክ ከፊሉ ወደ ደቡብ ዞረ። በሜይ 12 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በኩል ኢሲና ሲኮም የተባሉት ሁለት የባሕር ኬብሎች በአንድ ቀን ተበጠሱ። ኬንያና ታንዛኒያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተዳከመ። ሁለቱ ኬብሎች ባለቤታቸው ይለያያል፤ ስማቸው ይለያያል፤ ካርታ ላይ ሁለት ቀለም ናቸው። ከባሕሩ ሥር ግን ጎረቤታሞች ነበሩ።

እኛ ደግሞ የባሕር በር የለንም። ኢትዮጵያ እነዚያ ኬብሎች ጋ የምትደርሰው በጎረቤቶቿ መሬት፣ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉት በኩል አቋርጣ ነው። ዛሬ ደመወዝ በስልክ ይገባል፤ የታክሲ ሒሳብ በስልክ ይከፈላል፤ ሪያድና ዱባይ ያለች እህት ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ በዚሁ ክር ነው የሚመጣው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። "ስንት መስመር አለን?" የሚለው ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። "በየት በየት ነው የሚያልፉት? አንዱ ሲበጠስ ማን ይወስናል? ሌላው ከጠበበ ማን ይቅደም ተብሏል?" ካልተባለ ቁጥሩ ማጽናኛ ብቻ ነው።

ያን ሕንፃ ከለቀቅኩ ቆየሁ። አሁን ቦታ ስከራይ "ሁለት መስመር አለን" ሲሉኝ "ሁለተኛው በየት በኩል ነው የሚገባው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ አያውቁም፤ አንዳንዶቹም በጥያቄው ይስቃሉ። እኔም ችግር የለም እላቸዋለሁ፤ ወርደን አብረን እናያለን።